ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የመስቀል ሰሞን መርካቶን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዘመን መለወጫ በኋላ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ሱቁ አንድ ባንድ ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ እጁ ከሚዛን የማይለይ የጉራጌ ነጋዴ በሩ ላይ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሰብስቦ አገሩ ይገባል። ሙስሊሙ ጉራጌ ለአረፋ እንደሚገባው ሁሉ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል አይቀርም። ለገና ሊቀር ይችላል፤ ለፋሲካም ሊቀር ይችላል። ለመስቀል ከቀረ ግን ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። አውቶብስ ተራ ያን ሰሞን ቆሞ መጠበቂያ እንኳ አይገኝበትም። ወልቂጤ ድረስ ያለውን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ይጓዘዋል።

እኔ ግን የምተርክላችሁ ስለ ተጓዡ አይደለም። ተጓዡ በሰላም ገብቷል፣ ክትፎውን በልቷል፣ በሰላም ተመልሷል። የምተርከው ስለቀረው ቤት ነው። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቤት ብቻውን ምን ሲያደርግ ይውላል?

ግቢያችን ሦስት ቤት ነው። የመንገዱ ቤት የነጋዴው ነው። ጎኑን እኔ ተከራይቼዋለሁ። ከኋላ፣ ከነጋዴው መኝታ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት እማማ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ነጋዴውንም በስም አልጠራውም፤ ነገ ሰላምታ እንፈልጋለንና። ቤቶቹ እንደ አብዛኛው የድሮ ሰፈር ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥር ኮርኒስ። ግድግዳው የቆመው ኮርኒሱ ጋ ነው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ የሦስታችንም ነው፤ አይጥ ከኔ ቤት ተነስታ እማማ ጋ ለመድረስ የምታንኳኳው በር የለም። አይጥ የሄደችበትን መንገድ ደግሞ እሳትም ይሄድበታል። ይህን ያዙልኝ።

ነጋዴው ሌባ የሚፈራ ሰው ነው። አልፈርድበትም፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው አገር ቤት ሄዶ ሲመለስ ባዶ ግድግዳ ያገኘበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የእንጨት በሩን አውልቆ ብረት አስገጠመ፤ በብረቱ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ጨመረ፤ መስኮቱን በፍርግርግ ብረት አጠረ። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ ሲነድ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘው። የራሱ ሱቅ አልተነካም፤ ግን ቃጠሎው ለሰዓታት ሲነድ፣ የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበት ወደ ውስጥ ለመግባት ሲቸገሩ ዓይኑ እያየ አድሯል። በማግስቱ ሄዶ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ገዛ። ገዝቶም የት ሰቀለው? ከአልጋው ራስጌ። እንግዲህ አስቡት፦ ማጥፊያው በብረት በር፣ በሁለት ጓጉንቸርና በፍርግርግ ውስጥ፣ ከቤቱ መጨረሻ ክፍል ተሰቅሏል። እሳት ቢነሳ ማጥፊያው ጋ ለመድረስ እሳቱን ማለፍ ያስፈልጋል። ማጥፊያ የሚሰቀለው መውጫ በር አጠገብ ነው፤ ሰውዬው ግን ውድ ዕቃ ነውና እንዳይሰረቅ ብሎ ነው።

ከሸማ ተራው ቃጠሎ በኋላ የመጣው መስቀል ደረሰ። በመሄጃቸው ዋዜማ ማታ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ግድግዳው ቀጭን ነውና ሰማሁ።

«አንዱን ቁልፍ ለእማማ እንተውላቸው» አለች ሚስት።

«ቁልፍ ትተን ከሄድን ታዲያ ምኑን ቆለፍነው?»

«እማማን ነው የምትጠረጥረው? ልጆችህን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉትን?»

«እሳቸውን አልጠረጠርኩም። የሚያስቀምጡበትን ቦታ ነው የጠረጠርኩት።»

ሚስት ዝም አለች። የሚስት ዝምታ ግን እሺ ማለት እንዳልሆነ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቤቱ ተነሳ። ሚስት ጓዳ ውስጥ የመንገድ እንጀራ ትጋግራለች። ትልቋ ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ነጩን የአገር ልብሷን ትተኩሳለች። የመተኮሻ ጠረጴዛ በስንት ቤት አለ? የኛ አገር ሰው የሚተኩሰው አልጋ ላይ ነው፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ ስፖንጅ ፍራሽ አለ። ልጅቷ ገና አንዱን እጅጌ እንደጨረሰች መብራት ሄደ።

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ደቂቃ ውስጥ ነው። ልጅቷ መብራት መሄዱን አላመነችም። ካውያው የተበላሸ መሰላት። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው፣ ጥጥ እስከሚለው ምልክት አዞረችው፤ ቀዩ ምልክት አልበራም። የሶኬቱን ማብሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካችው፤ አልበራም። ከውጭ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ጥሩምባ ተነፋ። አባት «ውጡ! ውጡ!» አለ። ልጅቷ ካውያውን በሆዱ እንደተኛ ልብሷ ላይ ትታ፣ ሌላ ቀሚስ አጥልቃ ሮጠች። መቆጣጠሪያው መጨረሻ ላይ፣ ሶኬቱም እንደተሰካ ቀረ።

እናትየው የራሷን አልረሳችም። ምጣድ የምትጋግር ሴት ብሬከር ታውቃለች። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ገደማ የሚበላ ነገር ነው፤ በኛ 220 ቮልት ላይ ብቻውን 16 አምፒር አካባቢ ይስባል። አንድ ጊዜ ከቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሰክታው የኤክስቴንሽኑ አፍ ቀልጦ ከምጣዱ ሶኬት ጋር ተጣብቆ ወጥቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምጣዱ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ የመጣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር አለው። በጨለማው ዳብሳ የምጣዱን ብሬከር ወደ ታች አደረገችው። የምጣዱን ብቻ።

አባት ደግሞ በስልኩ መብራት ቤቱን ዞረ። መስኮቱን ገፋ ገፋ አደረገ። ሌባ ሰው አለ ብሎ እንዲሸሽ የበረንዳውን አምፖል አብርቶ ለመሄድ አስቦ ነበርና ማብሪያውን ተጫነ፤ በራ አልበራ ማን ያውቃል፣ መብራት የለም። ደግሞ ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። በመጨረሻ የት ላይ እንደተወው ራሱም አያውቅም። መኝታ ቤቱን ከበር ላይ ሆኖ በስልኩ ቃኘው። ካውያውን አይቶት ይሆናል፤ ግን ቀዝቃዛ ካውያ ማንን ያስደነግጣል?

የበራ ነገር ራሱን ያስታውሳል። የበራ አምፖል ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የሚነድ ምድጃ ይሞቃል፤ የተጣደ ወጥ ይሸታል። መብራት በሄደበት ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው ግን ምንም የሚያስታውሰው የለም። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጸጥ ብሏል፣ ሁሉም ነገር የጠፋ ይመስላል። እንደኔ እንደኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከበራው ይልቅ መፈራት ያለበት ሳይነቀል የጠፋው ነው። መብራት የሚመጣው እኛን ጠይቆ አይደለም።

ይኼኔ ባል ሚኒባሱ ጣራ ላይ ዕቃ ሲያስር ሚስት ወደ ኋላ ቤት ሹልክ አለች። ጓጉንቸር ሲገዛ ሁለት ሦስት ቁልፍ ይዞ ይመጣል፤ ትርፎቹን ከብረት በሩ ትርፍ ቁልፍ ጋር በአንድ ክር አስራ ቆይታለች።

«እማማ፣ ይቺን ያዙልኝ። እሱ እንዳይሰማ።»

እማማ አልጠየቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። «በሰላም ግቡ፣ ቡላውን እንዳትረሺኝ» አሉ። ይኸው ነው፤ የቁልፉ ርክክብ ከዚህ አላለፈም።

ቤት ተቆለፈ። ሄዱ።

ከእማማ ጋር ስለ እሳት ብዙ ጊዜ አውርተናል። ጎጆ ቤት ተወልደው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው ክብሪት ውድ ነበር፤ ስለዚህ እሳት አይጠፋም፣ ይዳፈናል። ማታ እናታቸው ፍሙን በአመድ ሸፍነው ያሳድሩታል፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ፣ ጭራሮ ጣል፣ እፍ። ከጠፋ ደግሞ ልጅ በገል ይዞ ጎረቤት እሳት ሊጭር ይላካል። ሣር ቤት ውስጥ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሕያው ፍም እያለ ሰው ተኝቶ ያድራል። ቤት ተቃጥሎ አያውቅም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለምን አይቃጠልም! ይቃጠላል እንጂ» አሉኝ። «ግን ሁሌም አንድ ሰው ነበር። ቤት ባዶ አይተውም። ሁሉም ለቅሶ ቢሄድ አንዲት አሮጊት ወይ አንድ ልጅ ይቀራል።»

የነጋዴው አገርም እንደዚያው ነው። የጉራጌ መንደር ያየ ሰው ጀፎሮውን ያውቀዋል፤ በሁለት ወገን በተሰለፉት ቤቶች መካከል የተንጣለለው ሰፊ የሣር ሜዳ። ከየቤቱ ጓሮ ደግሞ ውኃ ያዘለ እንሰት። አንዱ ቤት ቢነድ እሳቱ ጀፎሮውን ተሻግሮ ማዶ ለመድረስ ይቸግረዋል። ነጋዴው ከዚያ ሰፊ መንደር መጥቶ ነው ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ በሚተላለፍበት መርካቶ ሱቅ፣ ግድግዳ በሚጋራ ግቢ ደግሞ ቤት የያዘው። የለመደው ጥንቃቄ ግን ያኛው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። «መጣ!» የሚለው የልጆች ጩኸት ሰፈሩን ሞላው። የነጋዴው በረንዳ አምፖል በራ። ማቀዝቀዣው መጮህ ጀመረ። አልጋው ላይም ያቺ ቀይ ምልክት በራች።

ጥጥ ላይ የተደረገ ካውያ ሆዱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ትንሽ ሲበርድ መልሶ ያበራል፤ እንዲህ እያለ በዚያው ሙቀት አካባቢ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይችላል። መጀመሪያ ነጩ ልብስ ወርቃማ መሰለ፤ ቀጥሎ ቡና፤ ቀጥሎ ጥቁር። ከዚያ ብርድ ልብሱ። ከዚያ ስፖንጁ። ስፖንጅ ወዲያው አይንበለበልም፤ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል፣ ይበላል፣ ይወርዳል። የሚያወጣው ጭስም ነበልባሉ ከመምጣቱ በፊት ሰው የሚገድል መርዝ ነው። እማማ ያን ሰዓት ቡና እየቆሉ ነበር። የቡናው ሽታ ሌላውን ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ሸፈነው። ከዚያ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አንስተው አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ጥጥ ሲያር ነው» አሉ። «ቡና እንዲህ አይሸትም።»

ወጥተው ቀና ሲሉ ከቆርቆሮውና ከግድግዳው መገናኛ ቀጭን ጭስ ይወጣል። እማማ እሪታውን ያቀለጡት ያኔ ነው። ግን እየጮሁ ይሠራሉ እንጂ ቆመው አይጮሁም። የማዕዘኑን ሱቅ ልጅ «939 ደውል! ደውለህም አስፋልቱ ላይ ቁም፣ መኪናውን ይዘህ ግባ!» አሉት። ይቺ ሁለተኛዋ ትእዛዝ ናት ብልኅነታቸው። ሰፈራችን የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ተነግሮት የሚገኝ ሰፈር አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዚያ ወደ ግራ እየተባለ ነው የሚገባው። ይህን ለማያውቅ ሾፌር አስፋልት ላይ የሚጠብቅ ልጅ ካላቆሙለት ደቂቃው እዚያው ያልቃል።

ከነጠላቸው ጫፍ ቁልፏን ፈቱ። የብረት በሩን በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ቢግል ኖሮ አይከፈትም ነበር፤ የጋለ በር ከኋላው የሚጠብቅ እሳት አለ ማለት ነው። ሁለቱን ጓጉንቸር ከፈቱ። በዚህ መካከል ሦስት የሰፈር ጎረምሶች የውኃ ጀሪካን ይዘው ደረሱ፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አንድ ጥቅሙ በየቤቱ የተሞላ በርሜል አለመጥፋቱ ነው። አንደኛው ጎረምሳ ጀሪካኑን ይዞ ዘሎ ሊገባ ሲል እማማ በክንዱ ያዙት።

«ቆይ! መጀመሪያ መብራቱን!»

ብሬከሩ ከበሩ ቀኝ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ያሉትን ሁሉ ወደ ታች ጣሏቸው። ጎንበስ ያሉት ዕድሜ አጉብጧቸው አይደለም፤ ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የሚተነፈስ አየር ያለው ከታች ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጎረምሶቹ የገቡትና ውኃውን የደፉበት። ካውያው ልብሱን፣ ብርድ ልብሱንና የፍራሹን ግማሽ ውፍረት በስቶ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። የአልጋው እንጨት ጠቁሯል፤ ግድግዳው በጥላሸት ተለቅልቋል። ኮርኒሱ ግን አልተነካም። ሌላ አሥር ደቂቃ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ግምት ለእናንተ ልተወው፤ የኔም መጻሕፍት በዚያው ኮርኒስ ሥር ነበሩ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ነገሩ አልቋል ብለን ልንሸኛቸው ነበር። እነሱ ግን አልተሸኙም። ፍራሹን ወደ ግቢው አስወጥተው በመጥረቢያ ሰነጠቁት፤ ውስጡ፣ እኛ ጠፋ ባልነው ስፖንጅ መሃል፣ ገና የሚጨስ ነበር። ኮርኒሱንም ከፍተው በባትሪ አዩ። ጠፋ የተባለ ፍራሽ መልሶ ቤት አይገባም አሉን፤ ማታ ሊነሳ ይችላልና።

እማማ ቤቱን መልሰው ቆለፉ። ሁለቱንም ጓጉንቸር፣ እንደነበሩ። ወደ አገር ቤትም ለሚስት ደወሉ። ሚስትም ሰማች፤ አለቀሰች፤ ልጅቷን ጠርታ ጆሮዋን ቆነጠጠች፤ ለባሏ ግን አልነገረችም። ደመራው ይለቅ፣ ክትፎው ይበላ ብላ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀውን በዓል ስለ ፍራሽ ብላ ልታበላሽበት አልፈለገችም። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ራሷ ናት።

ተመለሱ። ነጋዴው ከሚኒባሱ ወርዶ መጀመሪያ ያየው ጓጉንቸሮቹን ነው። እንዳሉ ናቸው። ፈገግ አለ። ከፈተ። ገባ። ከዚያ ግቢውን የሚያናውጥ ድምፅ ሰማን።

«ሌባ! ሌባ ገብቷል! ፍራሼን!»

ቴሌቪዥኑ አለ። ማቀዝቀዣው አለ። የእሳት ማጥፊያው ከራስጌው እንደተሰቀለ አለ። የጠፋው ፍራሽ ብቻ ነው። «በሁለት ጓጉንቸር ገብቶ ፍራሽ ብቻ ይዞ፣ መልሶ ቆልፎ የሚወጣ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» እያለ በመሃል ቆመ። እማማ ከኋላ ቤት መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ቁልፏን አሳዩት፤ ከዚያም ወደ ግቢው ጥግ ወስደው የተበሳውን ፍራሽ አሳዩት። ነጋዴው ፍራሹን አየ፣ ቁልፏን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱ የቡላውን ቅርጫት ለእማማ እያቀበለች ነበር።

ብዙ ቆይቶ፣ «እማማ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ» አለ። ሌላ አላለም።

በሳምንቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራ። ያንገበገበው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህን ሁሉ ብሬከር ገዝቼ ለምን አልወደቀም? ሠራተኛው ሳቀ። ብሬከር ማለት በበሩ ስንት ሰው እንደገባ የሚቆጥር ዘበኛ ነው፤ የገባው ሰው ውስጥ ምን እንደሚሠራ አያይም አለው። ካውያው የሳበው ጤነኛ ካውያ የሚስበውን ያህል ነው። ለሽቦው የበዛ ነገር የለም። ፍራሽ ላይ ይሁን ጠረጴዛ ላይ፣ ብሬከሩ ከየት ያውቃል?

ሠራተኛው ከመጣ አይቀር ኮርኒሱ ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ነበር። አይጥ ላዩን ግጦ መዳቡ የሚታይ ሽቦ አገኘ። በቴፕ ፈንታ በፌስታል የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አገኘ። አጥብቆ ያልታሰረ መገጣጠሚያ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩ፣ የስልኮቹ ቻርጀር ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ተደራርበው ነበር፤ የማከፋፈያው አንድ ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል። እንዲህ ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ሶኬት ካላችሁ መንገዳችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስቀይሩት። በእኔም ቤት፣ ባለቤቱ ይስማኝና፣ በፊውዙ ፈንታ ሽቦ ታስሮ ተገኘ። ፊውዝ የተሠራው እንዲቀልጥ ነው፤ በእሱ ቦታ ወፍራም ሽቦ ከታሰረ የሚቀልጠው ግድግዳ ውስጥ ያለው ይሆናል።

አሁን ግቢያችን አዲስ ልማድ አለው። መንገድ የሚሄድ ሰው፣ መብራት ኖረም አልኖረም፣ ብሬከሩን ሁሉ ወደ ታች አድርጎ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ማቀዝቀዣውስ የሚል ይነሳል፤ ነጋዴውም ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ማቀዝቀዣው የራሱ ብሬከር ካለው እሱን ብቻ መተው ይቻላል። ከሌለው ደግሞ ባዶ አድርጎ፣ ጠርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መሄድ ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ ይሻላል ወይስ ኮርኒስ? ሌባ ለማታለል መብራትና ሬዲዮ ከፍቶ መሄድንም አልወድም። ሌባ የሚወስደው መሸከም የሚችለውን ነው። እሳት የቤቱን ካርታ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሌላ ቅጂ የሌለውን የአባትን ፎቶ ሁሉ ይወስዳል። እነዚያን ወረቀቶች ስትሄዱ ወይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ቅጂያቸውን ሌላ ቤት አስቀምጡ።

ቡታጋዝ ያለው ሰው የምድጃውን ቁልፍ ዘግቶ ጨረስኩ አይበል፤ የሚዘጋው ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለው ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ሲያፈስ ወደ ወለል ወርዶ ይተኛል። ተመልሳችሁ በር ስትከፍቱ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ የበራም ከሆነ አታጥፉ፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። የከሰሉ አመድም ቢሆን ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ፍም ይዞ ሊውልና ሊያድር ይችላል፤ ውኃ ሳያርከፈክፉበት የፕላስቲክ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደፍቶ መሄድ እሳትን አዳፍኖ መሄድ ነው፤ የእማማ እናት ያዳፈኑት ግን አጠገቡ ሊተኙ ነበር። ለዘመን መለወጫ የተጎዘጎዘው ቄጠማም በመስቀል ደርቋል። ተጠርጎ ይውጣ።

እማማን ራሳቸውንም አልምራቸውም። ከሥዕሉ ፊት ጧፍ አብርተው ኪዳን ይሄዳሉ። መጋረጃው ከጧፉ አንድ ክንድ አይርቅም። ነግሬያቸዋለሁ፤ «የሚጠብቀኝ አለ» ይሉኛል። እሳቸው ሲወጡ ገብቼ አጠፋዋለሁ፤ የእሳቸው ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ጎረቤታችሁን በስም የማታውቁ፣ አንድ ፎቅ ላይ አራት የብረት በር ተፋጥጦ የሚውልባችሁ፣ ለእናንተ የባሰ ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ቤት ቆልፋችሁ የሄዳችሁም አላችሁ፤ ቁልፉ ስልክ በማያነሳ ዘመድ ኪስ ውስጥ ከከተማው ማዶ ከሆነ፣ ቁልፍ የለም በሉ። የታመነ ጎረቤት ፈልጉ፤ ቁልፍ ስጡት፤ ብሬከሩ የት እንዳለ በዓይኑ አሳዩት፤ ስልካችሁንም ስጡት። ማጥፊያ ካላችሁ ከራስጌ አውርዳችሁ በር አጠገብ ስቀሉት። ከቆጣሪ እስከ ምሰሶ ያለው መስመር ሲፈነጥቅ ካያችሁ ራሳችሁ አትንኩት፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ስልክ 905 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋው 939 ነው። ቁጥሩን ከቆጣሪው አጠገብ በትልቁ ጻፉት፤ ከሥሩም ቤታችሁ ከየትኛው ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከየትኛው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት እንደሆነ ጻፉ፤ የሚደውለው እናንተ ሳትሆኑ ጎረቤታችሁ ነውና። ስልኩ ነፃ ነው።